የአካል ጉዳት መለኪያው ምንድር ነው?

በ1963፣ በ1986 እና በ2000 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጡትን ሦስት ሕጎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው፣ ሦስቱም ስለ አካል ጉዳተኛ የተጻፉ ሲሆኑ ስለ ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች የሚናገሩ ይመስለዋል። በ1963 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 70 ትእዛዝ ጉዳተኛ ብሎ የጠራው፣ በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤንነት ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ለማሸነፍ የማይችለውን፣ በዚያውም ላይ የሚረዳው ሰው የሌለውን ነው፤ ከልጅነቱ ወይም ከእርጅናው የተነሣ እንጀራውን ለማግኘት ያልቻለውንም ከዚሁ ጋራ ቈጥሮታል። በዚህ አነጋገር ሀብት ወይም ባለጸጋ ልጅ ያለው ዕውር ከጉዳተኞች ቍጥር አይገባም፤ ሁለት ዐይኑ ደኅና የሚያይ፣ ነገር ግን ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ይገባል። መለኪያው ችግር ነበረና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 101 ዐዋጅ ይህን ትቶ ወደ ሰውነቱ ተመለከተ። ከተፈጥሮ ወይም ከሰው ሠራሽ ምክንያት የተነሣ ማየት፣ መስማት ወይም መናገር የማይችለውን፣ እጅ እግሩ የተጎዳውን፣ አእምሮው በሚገባ ያልዳበረውን አንድ በአንድ ቈጠረ፤ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘውን ግን ከቍጥሩ አወጣ። በዚህ ጊዜ መለኪያው የሰውነት ሕዋስ ሆነ። ያንን ሽሮ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 568 ዐዋጅ ደግሞ፣ አካል ጉዳተኛ ማለት በአካሉ፣ በአእምሮው ወይም በስሜት ሕዋሱ ላይ ያለው ጉዳት፣ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ አድልዎ ጋራ ተገናኝቶ ሥራ ለማግኘት ያለውን እኩል ዕድል ያሳነሰበት ሰው ነው ሲል ተረጐመ። እንግዲህ በ37 ዓመት ውስጥ መለኪያው ከሰውዬው ኪስ ወደ ሰውዬው ሥጋ፣ ከሥጋውም ሥጋውና አገሩ ወደሚገናኙበት ስፍራ ተሻገረ ማለት ነው።

ይህን የመሰለው የትርጓሜ ለውጥ የቃላት ጨዋታ መስሎ የሚታያቸው አይጠፉም። ዳሩ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ወዴት እንደሚያወጣ፣ ዳኛ ማንን እንደሚጠይቅ፣ መሐንዲስ ደረጃውን እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ፣ ካህንም ለንስሐ ልጁ ምን ብሎ እንደሚመክር የሚወሰነው በዚሁ ትርጓሜ ነው። ጉድለቱ በሰውየው ውስጥ ነው ከተባለ የሚጠራው ሐኪም ነው፤ ጉድለቱ በአሠራሩና በአካባቢው ነው ከተባለ ግን የሚጠራው ሹሙ ራሱ ይሆናል። ሹማምንት የመጀመሪያውን አስተያየት አዘውትረው የሚወዱት ምናልባት ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

የሐኪሞች አስተያየት ሲነገር አስቀድሞ ምስጋናውን መስጠት ይገባል። ሰው ሁሉ የሕመሙን ምክንያት በጥንቈላ፣ በዛርና በቡዳ ሲያሳብብ በነበረበት ዘመን፣ ምክንያቱ ይህ ተሐዋሲ ነው፣ ይህ የደም ሥር ነው፣ ይህ የምግብ ጉድለት ነው ብሎ በማስረዳት ከወላጆች ጫንቃ ላይ ታላቅ የኀፍረት ሸክም ያወረደ የሕክምና ጥበብ ነው። ስንት ሺህ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ የነበረው የልጅነት ልምሻ ክትባት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓለም ከተሰጠ በኋላ፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአፍሪካ ክፍል ከተፈጥሮው የልምሻ ተሐዋሲ ነጻ መሆኑ ተመስክሯል። የዐይን ሞራ በአጭር ቀዶ ጥገና ይገፈፋል፤ በትራኮማ የተነሣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ዐይንን ፍቆ ሳያጠፋ በጊዜው ይቃናል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው፣ የሕክምናው አስተያየት ሐሰት ነው ብሎ ሊከራከር አይችልም።

የዓለም የጤና ድርጅት ይህንን አስተያየት በ1980 እ.ኤ.አ. በሥርዐት ጽፎ አወጣው። በዚያ ጽሑፍ መሠረት ነገሩ እንደ ሰንሰለት ሦስት ቀለበት አለው፤ አስቀድሞ በሕዋሱ ላይ ጉድለት ይደርሳል፤ ከዚያ የተነሣ ሰውየው አንድ ሥራ ለመሥራት ይሳነዋል፤ ከዚህም የተነሣ በሰው መካከል ሊኖረው ከሚገባው ስፍራ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ሰንሰለት መነሻው ሁልጊዜ የተጎዳው ሕዋስ ነው። ስለዚህም መጨረሻው እንዲቃና የተፈለገ እንደ ሆነ መጀመሪያው መታከም አለበት፤ የማይታከም ከሆነ ደግሞ መጨረሻውም የማይቀር ዕጣ መስሎ ይታያል። ክርክሩ የተነሣው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1972 እ.ኤ.አ. ፖል ሐንት የተባለ ሰው፣ ጡንቻ በሚያደክም በሽታ ተይዞ ዘመኑን በመጦሪያ ቤት ካሳለፈ በኋላ፣ እንደ እርሱ ያሉት ሰዎች ማኅበር እንዲያቋቍሙ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለጋርዲያን ጋዜጣ ጻፈ። ከዚያ ደብዳቤ የተነሣ የተመሠረተው ማኅበር በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መግለጫ፣ የአካል ጉድለትና መሰናከል አንድ ነገር አይደሉም፤ አባሎቹን ያሰናከላቸው እግራቸው ሳይሆን የተጎዱትን ሳያስብ የተደራጀው ማኅበራዊ ኑሮ ነው ሲል ተናገረ። ማይክ ኦሊቨር የተባለው መምህር በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ማኅበራዊ አስተያየት ብሎ ስም አወጣለት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረው፣ በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በዘር መድልዎ ላይ ስለ ታገለ የታሰረው ቪክ ፊንከልስታይን ደግሞ ነገሩን በምሳሌ አስረድቶታል። ነዋሪዎችዋ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱባት አንዲት መንደር ትኑር፤ ሰዎቹ ቤታቸውን ለራሳቸው እንዲመች ሲሠሩ ጣራውንና መቃኑን ዝቅ ያደርጉታል። ቆመው የሚሄዱ ጥቂት ሰዎች ወደዚህች መንደር የመጡ እንደ ሆነ ግንባራቸው በየመቃኑ እየተላተመ ያብጣል፤ ወገባቸውም ጐብጦ ይታመማል። የመንደሪቱ ሐኪሞች ያክሟቸዋል፤ ራስ ቍር ይሰጧቸዋል፤ ወገብ የሚያጐብጥ ማሰሪያ ያዘጋጁላቸዋል፤ የበጎ አድራጎት ማኅበርም ይቋቋምላቸዋል፤ ሥራ ግን የሚቀጥራቸው አይገኝም። መቃኑን ከፍ ማድረግ ለማንም አይታሰበውም።

ይህ ምሳሌ ሲሰሙት ያስቃል፤ ነገር ግን ምሳሌ ነውና በምሳሌ ብቻ የሚረታ የለም። ሁለቱ አስተያየቶች በእውነተኛ ታሪክ የሚፈተኑበት ጕዳይ የተፈለገ እንደ ሆነ፣ ከሥጋ ደዌ የሚሻል አይገኝም፤ ይህም ጕዳይ በኢትዮጵያ ምድር በሚገባ የታወቀ ነው።

የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ በ1873 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ያገኘው ሐኪሙ ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። የመጀመሪያው ደኅና መድኀኒት በሥራ ላይ የዋለው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት መርማሪዎች ሦስት መድኀኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከሩ፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ይኸው መድኀኒት ለሕመምተኛ ሁሉ ያለ ዋጋ ይታደላል። በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመምተኛው ይድናል፤ መድኀኒቱንም ከጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም በጠቅላላው የሕመምተኛው ቍጥር ከአሥር ሺህ ሰው አንድ የማይሞላ ሆነ ተባለ። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞች የተማሩበት ስፍራ ነው፤ ከአጠገቡ በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የምርምር ተቋምም በሐንሰን ስም ይጠራል። ሕክምና ከዚህ የበለጠ ድል ያገኘበት ሥፍራ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዳነው ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰን? ብዙው አልተመለሰም። ተሐዋሲው ከሰውነቱ ጠፍቶ ሳለ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጐጆ ቀልሶ፣ ከመሰሎቹ ጋራ ተጋብቶ፣ ልጆች ወልዶ ቀረ። ልጆቹ ደዌው ከቶ ሳይነካቸው የሰፈራቸው ስም ብቻ ሲነገር ጓደኛ የሚርቃቸው፣ ለጋብቻ የሚጠየቅላቸው ሽማግሌ እንቢ የሚባልባቸው ሆኑ። በሐኪሙ መዝገብ ይህ ሰው «ድኗል» ተብሎ ተጽፎ ስሙ ተሰርዟል፤ በመንደሩ መዝገብ ግን ስሙ አልተሰረዘም። እንግዲህ የ1980ው ሰንሰለት እውነት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀለበት በተበጠሰ ጊዜ የመጨረሻውም መውደቅ ነበረበት። ያልወደቀው የራሱ የሆነ ሌላ ማሰሪያ ስለ ነበረው ነው።

ይህንን ማሰሪያ ሕግም ራሱ አጥብቆት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጋብቻ በስሕተት ተደረገ ተብሎ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ከባልና ሚስት አንዱ የሥጋ ደዌ ያለበት መሆኑ ያልታወቀ እንደ ሆነ የሚለውን በስም ጠቅሶ አስገብቶታል። በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ስም አነሣና፣ በእርሱ ፈንታ የማይድን ወይም ወደ ተወላጅ የሚተላለፍ በሽታ የሚል ቃል አኖረ። የሥጋ ደዌ ይድናል፤ በዘርም አይወረስም፤ ስለዚህ ከዚህ ቃል አይገባም። ነገር ግን የሕግ መጽሐፍ በአንድ ቀን ሲታረም፣ አማትና አማች በአንድ ቀን አይታረሙም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ነገሩ የሐኪም ብቻ አለመሆኑን ተረድቶ፣ በሥጋ ደዌ በተያዙት ብቻ ሳይሆን በቤተሰቦቻቸውም ላይ የሚደረገው መድልዎ እንዲጠፋ የሚመክረውን መመሪያ በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀብሏል። ታሞ ለማያውቅ ልጅ መብት መጻፍ ያስፈለገው፣ ጉዳቱ በሥጋ ውስጥ ብቻ ስላልነበረ ነው።

በዚህ ነገር የቤተ ክህነት ሊቃውንት የሚናገሩት ብዙ አላቸው። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ይህ ንባብ በየዓመቱ ይነበባል፤ በየደብሩም ይተረጐማል። ይሁን እንጂ አካሉ የተጎዳ ልጅ የወለደች እናት በጎረቤት የምትጠየቀው ያንኑ የደቀ መዛሙርትን ጥያቄ ነው፤ የተሰጠው መልስ ተረስቶ ጥያቄው ብቻ በሕዝብ አፍ ቀረ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በሐዋርያት ስም በሚጠሩት ቀኖናዎች ውስጥ ያለው ነው። በግሪክኛው ቅጂ 77ኛውና 78ኛው ተብለው የተቈጠሩት ቀኖናዎች ስለ ጵጵስና ሲናገሩ፣ አንድ ዐይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው በሌላው ሁሉ የተገባ ከሆነ ይሾማል፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ እንጂ የአካል ጉድለት አይደለም ይላሉ። ፈጽሞ የማይሰማ ወይም የማያይ ሰው ግን አይሾምም፤ ይህም ረክሷል ተብሎ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይሰናከል ነው ብለው ምክንያቱን ለይተው ያስረዳሉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ነውር ያለበት የአሮን ልጅ ወደ መሠዊያው እንዳይቀርብ የተከለከለውን የሚያውቅ ሊቅ፣ በነውርና በሥራ መሰናክል መካከል ቀኖናው ያደረገውን ልዩነት በቀላሉ አያልፈውም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ሕግ፣ ክልከላውን ራሱን ሳያነሣ፣ የክልከላውን ምክንያት ከሰውየው አካል አውጥቶ ወደ ሥራው አኳኋን አዞረው። መሰናክል ደግሞ እንደ ጊዜው መሣሪያ የሚጨምርና የሚቀንስ ነገር ነው። የብሬይል ፊደል ከ1829 እ.ኤ.አ. በፊት አልታተመም ነበር፤ ዛሬ አማርኛው ሳይቀር በጣት ይነበባል።

ከመሣሪያው በፊትም ቢሆን የትምህርቱ ሥርዐት ራሱ መንገድ የሚከፍትበት ጊዜ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን የትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዐይነ ስውር ሆኖ፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደሎችን በእጁ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይነገርለታል፤ በዚያ መንበር ያስቀመጠውም ታላቁ አትናቴዎስ ነበር። በኢትዮጵያም ዜማውና ቅኔው በቃል የሚጠና፣ ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ዐይኑ የማያይ ተማሪ በዚህ ትምህርት ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረም፤ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ዐይነ ስውራን መምህራንም ተገኝተዋል። ያው ልጅ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን ጥቍር ሰሌዳ ፊት ለፊቱ ቆመበት። ዐይኑ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ የተለወጠው የማስተማሪያው ዘዴ ነው። የማኅበራዊው አስተያየት ጠበቆች ከእንግሊዝ አገር ካመጡት ማስረጃ ሁሉ ይህ የአገር ቤት ማስረጃ አያንስም።

በዚህ አንጻር ደግሞ የአማርኛው ስም ራሱ አንድ ነገር ይደብቃል። ቀድሞ «ድውይ»፣ «አካለ ስንኩል» ይባል የነበረው፣ ዛሬ በአክብሮት «አካል ጉዳተኛ» ተብሏል። ለውጡ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙ አሁንም ጉዳቱን በአካል ላይ አኑሮ ዝም ይላል፤ ጎጂው ማን እንደ ሆነ አይናገርም። እንግሊዞቹ ለሕዋሱ ጉድለት አንድ ቃል፣ ከሰው ተራ ለመቅረት ሌላ ቃል ስላላቸው ክርክራቸውን በሁለት ቃል ተከራከሩ፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም በአንድ ስም ውስጥ ተጠቅልለዋል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በዚህ ስም መጠራታቸውን አንዳንዶቹ የማይወዱት በከንቱ አይደለም፤ እነርሱ ራሳቸውን የሚያዩት የራሱ ቋንቋ እንዳለው ማኅበር ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. በሚላን ከተማ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ፤ ያን ጉባኤ የወረሱት መምህራን በቫንኩቨር ተሰብስበው ስለዚያ ውሳኔ መጸጸታቸውን የገለጹት ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋን ለዲግሪ የሚያበቃ ትምህርት አድርጎ ከፍቶ ነበር።

እንዲህ ሲባል ማኅበራዊው አስተያየት ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። ከራሱ ከወገኑ የተነሡ ጸሐፊዎች፣ ከእነርሱም መካከል ቶም ሼክስፒር የተባለው ምሁር፣ ጉድለቱን አስበልጠው አሳይተዋል። ሌሊቱን በጀርባው ሕመም ሲያቃስት የሚያድር ሰው፣ የከተማው ደረጃ ሁሉ ቢስተካከልለት ሕመሙ አይለቀውም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከጎረቤት ፍቅር በፊት የሚያስፈልገው መድኀኒት ነው። አእምሮው እጅግ የተጎዳ ልጅ ያላት እናትም፣ ችግሩ የኅብረተሰቡ አመለካከት ብቻ ነው ቢሏት፣ ተናጋሪው አንድ ሌሊት ከእርስዋ ጋራ ያላደረ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ሐኪምን ከቦታው አስወጥቶ ጠበቃን ብቻ ማስገባት፣ ጠበቃን አስወጥቶ ሐኪምን ብቻ እንደ ማስገባት ያለ ስሕተት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ይህን አይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ጽሑፉን በአዲስ ተካ፤ በአዲሱም ሰንሰለቱ ቀርቶ የሰውነት፣ የሥራና የአካባቢ ነገሮች እርስ በርሳቸው እንደሚነካኩ ተጻፈ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ይህንኑ መንገድ ይዞ፣ የቆየ የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋስ ጉዳት ከልዩ ልዩ መሰናክል ጋራ ሲገናኝ ከሌላው ሰው እኩል መሳተፍን እንደሚያግድ አስታወቀ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከላይ የተመለከተው የ2000 ዓ.ም. ዐዋጅ ግን ስምምነቱ ከመጽደቁ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ይህንኑ ሐሳብ በትርጓሜው ውስጥ አግብቶ ነበርና፣ ይህ ለሕግ አርቃቂዎቹ የሚያስመሰግን ነው።

መለኪያው ሲለወጥ ቍጥሩም እንዴት እንደሚለወጥ ለመረዳት የሕዝብ ቈጠራውን መመልከት ይበቃል። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው ቈጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተጻፈው ከመቶ አንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. በአንድነት ባወጡት ዘገባ ግን በዓለም ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከልዩ ልዩ የአካል ጉዳት ጋራ የሚኖር ነው ተባለ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድርጅቱ ግምቱን ከመቶ 16 አደረሰው። ኢትዮጵያ ከዓለም ሁሉ ተለይታ እንደዚህ ያለ ጤና ያገኘች አገር አይደለችም። ልዩነቱ ከሕዝቡ ጤና ይልቅ ከጥያቄው የመጣ ነው። ቈጣሪ ወደ በር ቀርቦ በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለን ብሎ ሲጠይቅ፣ አባወራው ከኀፍረቱ የተነሣ ልጁን ይደብቃል፤ ወይም ዐይኗ የደከመችውን አያት እርጅና ነው ብሎ ያልፋታል። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ሥራ ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰናዱት አዲሶቹ ጥያቄዎች ግን ያንን ስም ከቶ አያነሡም፤ ማየት ያስቸግርሃልን፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስህን መንከባከብ፣ ከሰው መግባባት ያስቸግርሃልን፣ ምን ያህልስ ያስቸግርሃል ብለው ስድስት ነገር ይጠይቃሉ። ሰው ስሙን ይሸሽጋል እንጂ ችግሩን ሲጠይቁት አይሸሽግም። ከመቶ አንድ ለሚሆን ሕዝብ የተመደበ በጀት ከመቶ አሥር ወይም ከመቶ አሥራ አምስት ለሚሆን ሕዝብ እንደማይበቃ፣ ለገንዘብ ሹም መንገር አያስፈልግም።

የሐኪም መለኪያ ትክክለኛ ስፍራውን የሚያገኝበት ቦታ ግን አለ። በሥራ ላይ አደጋ ለደረሰበት ሠራተኛ ካሣ ሲቈረጥ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ እንዲወሰን ያዛል። ይህ ተገቢ ነው፤ የጠፋው የሰውነት ክፍል ነውና፣ ዋጋውን የሚገምተው ሰውነትን የሚያውቅ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተገመተው ቍጥር ሰውየው ወደ ፊት ምን ሊሠራ እንደሚችል አይናገርም። ጣቱ የተቈረጠ በገና ደርዳሪና ጣቱ የተቈረጠ የግምጃ ቤት ጠባቂ በሐኪሙ ወረቀት ላይ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሕይወታቸው ግን አንዱ ሁሉን አጥቷል፣ ሌላው ሥራውን እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ስሕተት የሚመጣው ለካሣ የተጻፈው ወረቀት ለቅጥር ሲቀርብ፣ ለጡረታ የተቈረጠው መቶኛ የችሎታ ማስረጃ ተደርጎ ሲነበብ ነው።

የ2000 ዓ.ም. ዐዋጅ ይህን ስሕተት በመግቢያው አስቀድሞ አመልክቷል። የቀድሞው ሕግ አንዳንድ ሥራዎችን ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ለይቶ በማስቀመጡ፣ እነዚህ ሰዎች በችሎታቸው ተወዳድረው ለመሥራት የማይችሉ መስለው እንዲታዩ አድርጓል ሲል ነቅፎታል። በልዩ የተሰጠች ወንበር ቸርነት ትመስላለች፤ ሆኖም ሌላው ወንበር ሁሉ የእናንተ አይደለም የምትል ወንበር ናት። አዲሱ ዐዋጅ በእርስዋ ፈንታ አሠሪው የሥራውን መሣሪያ፣ ሰዓቱንና ስፍራውን ለሠራተኛው እንዲመች አድርጎ እንዲያስተካክል ግዴታ አደረገበት፤ አስፈላጊም ሲሆን ረዳት እንዲመድብ። ወጪው ከአቅም በላይ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ይህ ግዴታ ይነሣለታል። ከአንድ ዓመት በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ ዐዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ለመራመድ ሲችሉ ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ።

ዐዋጁ ከወጣ በኋላ የተሠሩትን ሕንጻዎች እየዞረ የሚመለከት ሰው ግን፣ ሕጉን ፈጽመናል ለማለት ብቻ የተሠራ መወጣጫ በብዙ ስፍራ ያገኛል። ከጤነኛ ሰው እንኳ ጕልበት የሚጠይቅ ቀጥ ያለ መወጣጫ ከበሩ ፊት ተለጥፎ፣ በሩን አልፈው ሲገቡ ሦስት ደረጃ ይቀበላል። የዜጎች ጕዳይ የሚታይበት ቢሮ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ ሆኖ አሳንሰሩ ከተበላሸ ሰንብቷል። ተቈጣጣሪው ፕላኑን ሲመረምር በወረቀቱ ላይ የመወጣጫውን መሥመር ያያል እንጂ ዘንበል ማለቱን አይለካም። ይህን ለማረም አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ አዲስ ገንዘብም ቢሆን ጥቂት ነው። ብዙ ባለ ጕዳይ የሚመጣበትን ክፍል ወደ ምድር ቤት ማውረድ የጠረጴዛ ማዘዋወር ብቻ ነው።

ሌላው ነገር የማስረጃው ጕዳይ ነው። ዐይነ ስውር የሆነ ተመራቂ ለአንድ ክፍት ቦታ ማመልከቻውን ሲያቀርብ፣ የቅጥር ሠራተኛው በልማድ የሚጠይቀው የሆስፒታል ወረቀት ነው። ወረቀቱ አያይም ይላል። ይህን አመልካቹ ራሱ ገና በበሩ ሲገባ አስታውቋል። በዐዋጁ ትርጓሜ መሠረት መጠየቅ የነበረበት፣ ለዚህ ቦታ የተጻፈው ተግባር ከየትኛው መሣሪያ ጋራ እንደሚሠራ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ መሆኑና አለመሆኑ፣ ፋይሉ ምን ያህል በእጅ ጽሕፈት እንደ ተጻፈ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሐኪም የለም፤ መልሱ በመዝገብ ቤቱና በግምጃ ቤቱ ነው። ዐዋጁም ይህን ዐውቆ ይመስላል፣ በቅጥር አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ባቀረበ ጊዜ የማስረዳቱን ሸክም ከከሳሹ አንሥቶ በአሠሪው ላይ አኖረው። ሰውየው ሊሠራ የማይችልበትን ምክንያት ቈጥሮ በፍርድ ቤት እንዲያስረዳ የሚጠራው እንግዲህ ያው የቅጥር ሹም ነው፤ በዚያን ጊዜ በእጁ የያዘው የሆስፒታል ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ዳኛው ስለ ኮምፒዩተሩ ይጠይቀዋል።